ቦምብ ጣዮቹ ስም አላቸው፤ የተጣለባቸውስ?

በጣሊያኗ የሲሲሊ ደሴት ኮሚዞ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በሰባት ዓመት ውስጥ ስሙ ሦስት ጊዜ ተቀያይሯል። በፋሺስቱ ዘመን የወጣለት ስም ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ይህ ስም ተነሥቶ፣ ማፍያን ሲታገል በ1982 ፓሌርሞ ውስጥ በተገደለው በፒዮ ላ ቶሬ ተተካ። በዓመቱ የከተማዋን አስተዳደር የያዙት ቀኝ ዘመሞች ማሊዮኮን መለሱት። በ2014 ደግሞ ላ ቶሬ እንደገና በሩ ላይ ወጣ።

ለጣሊያኖቹ ነገሩ የግራና የቀኝ ሽኩቻ ነበር። ላ ቶሬ ኮሙኒስት ነው፤ በዚያው በኮሚዞ የኑክሌር ሚሳይል እንዳይተከል ሰልፍ ያስወጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚወደው አለ፣ የሚጠላው አለ። ማሊዮኮ ማን እንደነበረና የት እንደሞተ ግን ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል። ጄኔራል ማሊዮኮ በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን አየር ኃይል ምክትል አዛዥ ነበር። የሞተውም ወለጋ ውስጥ፣ ከነቀምቴ አጠገብ ባለው በቦናያ ሜዳ፣ ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ነው። አብረውት የነበሩት በራሪዎችና መኮንኖችም አልተረፉም። ገዳዮቹ ጥቁር አንበሶች የተባሉት የኢትዮጵያ አርበኞች ናቸው።

አንድ አገር በጦርነት ያለቁበትን በራሪዎች ሲያስታውስ ምናቸውን ነው የሚያስታውሰው? ሞታቸውን ነው ወይስ የተላኩበትን ጉዳይ? እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን ብታለቅስ ማንም ጣልቃ የሚገባበት ነገር አይደለም። የሕዝብ በር ላይ የሚጻፍ ስም ግን የመንግሥት ቃል ነው። እንዲህ ያለ ስም ሲጻፍ አውሮፕላኑ ምን ጭኖ ወደ ማን ይሄድ እንደነበር አብሮ መነገር አለበት ባይ ነኝ። ካልተነገረ መታሰቢያው ግማሹን ታሪክ ብቻ ያቆያል፤ ያውም የጣዩን ግማሽ።

የቦናያ ሌሊት

ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ገባ። ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ራስ እምሩ እንደራሴ ተብለው ወደ ጎሬ አቅንተዋል። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የተረፉ ወጣት መኮንኖች፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ሲቪሎችና ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን ነቀምቴ ላይ ተገናኝተው የጥቁር አንበሳን ድርጅት መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ እንግሊዝ አገር የተማረው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። ኤርትራዊው ሻምበል በላይ ኃይለአብ፣ ከሆለታ የወጣው ክፍሌ ናሲቡ፣ ይልማ ደሬሳ፣ እንዲሁም የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ዐሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ደንቡ ሲቪሉ ከወታደሩ በላይ እንዲሆን ይደነግጋል። ወደ ውጭ መሰደድን ይከለክላል። በጠላት እጅ ከመውደቅ ራስን ማጥፋት ይሻላል ይላል። ምርኮኛ በሰብዓዊነት እንዲያዝም ያዝዛል። አገሩ በፈራረሰበት፣ ስንቅና ጥይት በሌለበት ሰዓት ሃያዎቹን ያልዘለሉ ልጆች ተቀምጠው ስለ ምርኮኛ አያያዝ አንቀጽ ማርቀቃቸው ሁሌም ይደንቀኛል። በሌላው ወገን ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም የሚማረክ "ሽፍታ" ሁሉ በጥይት እንዲመታ አዝዞ ነበር።

በዚያን ጊዜ ክረምቱ ገብቷል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ የግራዚያኒ ጦርም ከተማው ውስጥ እንደ ታጎረ ነው። ወለጋን በእግረኛ መያዝ ስላልተቻለ በአየር መሄድ ታሰበ። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ሀብተማርያም ገብረእግዚአብሔርና የአካባቢው ባላባቶች ቀደም ብለው የእንግሊዝን ጥበቃ ጠይቀው ነበር። መልስ ሲያጡ ደጃዝማቹ ከጣሊያን ጋር ወደ መነጋገሩ አዘነበሉ። ይህንን ውሳኔ በዛሬው የፖለቲካ ሚዛን አስቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው። ንጉሥ በሌለበት፣ የተበተነው ጦር ገበሬውን እየዘረፈ በሚያልፍበት፣ ወደፊት ማን እንደሚገዛ በማይታወቅበት ወር ላይ የነበረ አንድ የአገር ገዥ ያየውን ማየት ግን ይከብዳል። እዚህ ላይ አርበኛና ባንዳ ብሎ ሁለት ቦታ መክፈል ብዙም አያስኬድም።

እናም ሰኔ 19 ቀን ሦስት አውሮፕላኖች ቦናያ ላይ አረፉ። ማሊዮኮ አለ፤ የኤታማዦሩ ኮሎኔል ካልዴሪኒ አለ፤ ታዋቂው በራሪ ሻለቃ አንቶኒዮ ሎካቴሊ አለ። አገሩን የሚያውቁ ሚሲዮናዊ፣ አባ ቦሬሎም አብረዋቸው ናቸው። ከአውሮፕላኖቹ መካከል ካፕሮኒ 133 ነበረበት። ይህ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ለቅኝ ግዛት ተብሎ የተሠራ ነው፤ አካሉ የብረት ቱቦ ሆኖ ላዩ በቆርቆሮና በሸራ ተለብጧል። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው። አንድ ቀን ቦምብ ይጭናል፣ በማግስቱ ወታደር፣ በሌላው ቀን ስንቅና ዱቄት። ሰኔ 19 የጫነው መኮንኖችን ነበር። ጣሊያኖች አዲስ አበባ ሊገቡ ሲሉ ሕዝቡ ጭንቅላቱ ላይ ሲያያቸው የሰነበቱት አውሮፕላኖችም እነዚሁ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ "ለድርድር ነው የመጣነው" ቢሉ ሞተሩን ሰምቶ የሚለይላቸው ሰው አልነበረም።

ሌሊቱን ጥቁር አንበሶች ሜዳውን ከበው ተኮሱ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ከአባ ቦሬሎ በቀር የተረፈ የለም። ደንቡ ስለ ምርኮኛ ቢጽፍም የዚያን ሌሊት ምርኮኛ አልተያዘም። ይህንን ሳይሸፋፍኑ መናገር ጀግንነቱን አይቀንሰውም። ጣሊያኖች ነገሩን እስከ ዛሬ የነቀምቴ ጭፍጨፋ ይሉታል፤ በሰላም የመጡ ሰዎች በክህደት ታረዱ ነው የሚሉት። ሰላማዊ ጉዞ የሚለውን ግን መቀበል አይቻልም። ጎሬ ላይ ገና መንግሥት አለ፤ እንደራሴ አለ፤ የአየር ኃይል ምክትል አዛዥ በሦስት የጦር አውሮፕላን መጥቶ አንድ አውራጃ እንዲያድርለት ሲያመቻች ጦርነት ላይ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው የሚመጡ አውሮፕላኖች የሚረጩት መርዝ ጭጋግ ሆኖ አገሩን እንዳለበሰው፤ ሰውም ከብትም ውሃውም ግጦሹም እንደ ተመረዘ አስረዱ። ወለጋ ላይ ደግሞ አጸፋው ወዲያው መጣ። ነቀምቴና አካባቢዋ ተደበደቡ። ሐምሌ 1 ቀን፣ ማለትም ከቦናያ 11 ቀን በኋላ፣ ሙሶሊኒ በሽፍቶችና ተባባሪ በሆነው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ እንዲካሄድ ለግራዚያኒ ፈቀደ። በአንዱ ዐሥር ካልተበቀልን ቁስሉ በጊዜ አይድንም የሚል ቃልም ጨመረበት።

የቦናያ ሜዳ መጨረሻው ይህ ብቻ አልነበረም። ጥቁር አንበሶች ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ሲያስፈጅ ክፍሌ ናሲቡም፣ ቢንያምና ዮሴፍም በጥይት ተደበደቡ። አሁን አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው፤ ወረፋና ካርድ ክፍል። ድርጅቱን የሚያስታውስ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል።

የሎካቴሊ ጎጆ

ከቦናያ ሙታን በጣሊያን እጅግ የሚታወቀው ማሊዮኮ ሳይሆን ሎካቴሊ ነው። የቤርጋሞ ልጅ ነው፤ በራሪ፣ ተራራ ወጪ፣ ፎቶ አንሺ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነሐሴ 1918 (እ.ኤ.አ.) ከገጣሚው ዳኑንሲዮ ጋር ቪየና ድረስ በረው በከተማዋ ላይ በቦምብ ፈንታ ወረቀት ከበተኑት አንዱ ነው። በ1924 አትላንቲክን ሊሻገር ሲሞክር ባሕር ላይ ወድቆ የአሜሪካ የጦር መርከብ አንሥታዋለች። ሦስት የወርቅ የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። በሰሜን ጣሊያን፣ በዓለም የታወቁት ሦስቱ የዶሎሚቲ ሹል ጫፎች ፊት ለፊት ያለው የተራራ ጎጆ በስሙ ይጠራል። በየበጋቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠር መንገደኛ እዚያ ቡና ይጠጣል።

ሎካቴሊን አልባሌ ሰው ነው ብዬ ላጣጥል አልችልም። ዳገት የወጣ፣ ባሕር ላይ የዋኘ፣ ሞትን ደጋግሞ የናቀ ሰው ነው። ቪየና ላይ ወረቀት መጣሉም በዚያ ጦርነት መልካም ነገር ተብሎ ይጠቀሳል። ችግሩ ጎጆው የሚተርከው ይህንኑ ብቻ መሆኑ ነው። ቪየና ላይ ወረቀት የጣለው አየር ኃይል ተከዜ ላይ የጣለው ሌላ ነገር ነው። "ሴ 500 ቲ" የሚሉት ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ የሰናፍጭ ጋዝ ይይዛል፤ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይፈነዳና ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። ጫማ የሌለው ወታደር በረከሰ ሣር ላይ ሲሄድ እግሩ ይላጣል። ፊቱን በእጁ ሲጠርግ ዓይኑ ይጠፋል። ቪየናና ተከዜ የአንድ ተቋም ሥራ ናቸው፤ መታሰቢያው አንደኛውን መርጧል።

አንድ በራሪ እንደ ሰበብ

በራሪን የማስታወስ ሥራ እንዴት መሣሪያ እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ከቦናያ ስድስት ወር ወደ ኋላ እንመለስ። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ወጣት በራሪ ከባልደረባው ጋር በኦጋዴን ሲበር አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ደጋሃቡር አካባቢ ለማረፍ ተገደደ። ሁለቱም ተገደሉ። ጣሊያን አሠቃይተው አንገቱን ቆረጡት አለች። አሟሟቱ ግን እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። በካላብሪያ፣ በሬጆ ካላብሪያ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በእርሱ ስም ተሰየመ።

ሚኒቲ በሞተ በአራተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 20፣ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ደበደቡ። ድንኳኖቹ ላይ ምልክቱ ነበር። ብዙ ቁስለኞችና ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ሞቱ። ከቦምቡ ጋር ወረቀትም ተበተነ፤ በራሪያችንን አንገቱን ስለ ቆረጣችሁ የሚገባችሁን አገኛችሁ የሚል። የሚኒቲ ስም ገና ትኩስ ሳለ የተሠራበት ይህ ነው። መታሰቢያ ከመሆኑ በፊት ፈቃድ ሆነ።

ጣሊያን ጋዙንም በዚሁ ሞት ለማመካኘት ብዙ ጥራለች፤ የበቀል እርምጃ ነበር የሚል ክርክር ለአሥርተ ዓመታት ተሰምቷል። የቀን መቁጠሪያ ግን አይዋሽም። ሙሶሊኒ በኦጋዴን ያለችውን ጎራሄን ለመያዝ አስፈላጊ ከሆነ ግራዚያኒ ጋዝ እንዲጠቀም የፈቀደው ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ይህ ሚኒቲ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው። ራስ እምሩ ተከዜ ላይ ወታደሮቻቸው በመርዝ ሲቃጠሉ ያዩትም ሚኒቲ በሕይወት ሳለ ነው። ሬሳው የተገኘው ሰበቡ ከተዘጋጀ በኋላ ነበር ማለት ይቻላል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴርም ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

ሌላ አገር እንዴት አደረገው?

እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ ላይ ቀላል ሸክም አልነበረባቸውም። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዕዛቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 55,573 በራሪዎች አልቀውበታል። አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች ነበሩ። በሌላ በኩል ሐምቡርግና ድሬስደን አሉ፤ በአንድ ሌሊት እሳት ውስጥ የገቡ ከተሞች። በዚህ ኀፍረት የተነሣ ለበራሪዎቹ ብቻ የቆመ ብሔራዊ መታሰቢያ ለንደን ላይ የተመረቀው በ2012 ነው። ጦርነቱ ካበቃ 67 ዓመት ሆኖታል፤ በሕይወት የቀሩትም ሽማግሌዎች ናቸው።

ግሪን ፓርክ ያለው ይህ መታሰቢያ ሰባት የነሐስ በራሪዎች ይታዩበታል፤ የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሙሉ ሠራተኞች። የጣሪያው ንጣፍ በ1944 ቤልጅየም ላይ ተመትታ ረግረግ ውስጥ ከወደቀች ሃሊፋክስ አውሮፕላን ከወጣ አሉሚኒየም የተሠራ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ከነሐሱ ይልቅ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ነው። መታሰቢያው ከ1939 እስከ 1945 በቦምብ ድብደባ ሕይወታቸውን ያጡ የሁሉንም አገሮች ሰዎች ጭምር እንደሚያስታውስ ይናገራል። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ አከራክሯል። ለሟች በራሪ ቤተሰብ ምንም አልቀነሰም፤ ለጀርመኑ ሙትም ትንሽ ቦታ ሰጥቷል። ሊንከን ላይ በ2018 የተከፈተው ማዕከል ደግሞ አልፎ ሄዶ፣ የበራሪዎቹን ስም ከመቅረጽ ሌላ፣ በቦምብ ሥር የነበሩ የጀርመንና የጣሊያን ሰዎችን ምስክርነት በቤተ መዛግብቱ ይሰበስባል።

ጣሊያኖች በእንግሊዝ ቦምብ የደረሰባቸውን ለእንግሊዝ ማዕከል መናገር ችለዋል። ነቀምቴ የደረሰባትን የምትናገርበት እንዲህ ያለ ቦታ ጣሊያን ውስጥ የለም። ፋይዳ ያለው ለውጥ ደግሞ አልተሞከረም ማለት አይደለም፤ የሮማ ከተማ ምክር ቤት በ2020 አምባ አራዶም ይባል የነበረውን የሜትሮ ጣቢያ በጣሊያን-ሶማሌያዊው ፀረ ፋሺስት ታጋይ በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲሰየም ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ኮሚዞም ማሊዮኮን አውርዷል። ይሁንና የኮሚዞው ለውጥ የመጣው ማሊዮኮ ኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ነገር ተጠይቆ አይደለም፤ የራሳቸው የተሻለ ሙት ስለ ነበራቸው ነው። ሬጆ ካላብሪያና የዶሎሚቲው ጎጆ እንዲህ ያለ ተፎካካሪ አልመጣባቸውም።

ለእኔ ስሙን መፋቅ ራሱ መልስ አይመስለኝም። ሲፋቅ ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል። በሎካቴሊ ጎጆ በር ላይ፣ በሬጆ ማረፊያ አዳራሽ ውስጥ፣ ይህ ሰው የት እንደ ሞተ፣ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ የእርሱ ጓዶች ከእርሱ በፊትና በኋላ ምን እንደ ጣሉ የሚናገር ጥቂት መስመር ቢጨመር ይሻላል። የግሪን ፓርኩ ግድግዳ ይህንኑ አድርጓል፤ ወጪውም ከጽሑፍ ቀራጭ ደመወዝ አይበልጥም።

የእኛ ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1946 ፓሪስ ላይ ለሰላም ጉባኤው ባቀረበው ማስታወሻ የሞቱትን በጠቅላላው 760,300 ብሏቸዋል። ከእነዚህ 17,800 የሚሆኑት በአየር ድብደባ የሞቱ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች ሲቪሎች ናቸው። ድምሩ ተጠጋግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሰነዱ የካሣ ክርክር ሰነድ ነውና። ቢሆንም የቀረበው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ ከዚያ ወዲህም ቁጥሩን ወደ ስም የለወጠ ሥራ በመንግሥት ደረጃ አልተሠራም። የቦናያ በራሪዎች አንድ በአንድ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቦታ አላቸው። ያን ሰሞን ከአየር የተገደለው የወለጋ ሰው ግን ድምር ውስጥ ገብቷል።

ለመጀመር የሚያስችል ነገር ግን አለ። የጣሊያን አየር ኃይል የታሪክ ክፍል ሮም ላይ የዚያን ጊዜ የበረራ መዝገቦችን ይዟል። የጣሊያን የታሪክ ተመራማሪዎች የጋዙን መጠንና ቀን ያረጋገጡት ከእነዚሁ መዝገቦች ነው። መዝገቡ ቀኑን፣ የተደበደበውን ቦታ፣ የተጣለውን የቦምብ ዓይነትና ብዛት ይጽፋል። ከላይ ሆኖ የተጻፈው በሙሉ እዚያ አለ ማለት ነው። የጎደለው ከታች ያለው ነው፤ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ማን ሞተ የሚለው። እርሱ ደግሞ ሮም ሳይሆን በየቤተሰቡ፣ በየአጥቢያው፣ የአያታቸውን የሙት ዓመት ሲያወጡ በኖሩ ሰዎች ዘንድ ነው። በዚያ ዓመት ዐሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ መቶ ዓመት ገብቶታል፤ ስለዚህ ምስክሩን ሳይሆን ከምስክሩ የሰማውን ልጅና የልጅ ልጅ ነው የምናገኘው። በነቀምቴ፣ በደሴ፣ በወልዲያ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የታሪክ ተማሪ አላቸው። ከሮም መዝገብ የአንድን ወረዳ ቀኖች ገልብጦ ይዞ፣ በዚያ ቀን የሞተ ሰው ያለበትን ቤት እየጠየቁ መዞር ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የማይከብድ ሥራ ነው።